ነጣ ያለ

ከጎንደር ቁልቁል በምትገኘው ሳንጃ በሚያዝያ ወር «ዛሬ ትንሽ ሞቋል» የሚል ሰው ከሰማችሁ እንግዳ መሆኑን እወቁ። የአገሬው ሰው ስለ ሙቀቱ መጠን አያወራም፤ ጥላው በዞረበት ወንበሩን ያዞራል እንጂ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የፕሮጀክት ሰው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሸሚዙን ከደረቱ እያላቀቀ «ዌዘሩ ሊትል ቢት ሆት ነው» አለ። የቤቱ ባለቤት ብርጭቆውን እያስቀመጠችለት «ሊትሉማ ሰኔ ሲገባ ነው የሚመጣው» አለችው። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ለተናገረው ነው መልስ የሰጠችው።

እኛ ቆላ ዘንድ ዲግሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ መተማና ወደ አብደራፊ ሲወረድ 40ን የሚያልፈው ነው። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ፣ ሥራ እስኪገኝ ድረስ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ነው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት ሦስተኛ ጨምረውበታል፤ አንድ ነገር ምን ያህል እንደሆነ የሚናገሩትን ቃላት የዲግሪ ተውሳከ ግሥ ይሏቸዋል። ቱ፣ ቬሪ፣ ኳይት፣ ራዘር፣ ስላይትሊ፣ ኤ ሊትል፣ ኤ ቢት፣ ሃርድሊ፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ እየወረዱ ይደረደራሉ።

ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹን ነው አማርኛችን ውስጥ ያስገባናቸው? መናኸሪያ ሄዶ ጆሮ መስጠት ነው። «ኦቨር ሆነብኝ» ይባላል። «ቱ መች ነው» ይባላል። ባጃጁ ፉል ነው፣ የስልኩ ባትሪ ፉል ነው፣ ተስፋ የተሰጠው ሰው «መቶ ፐርሰንት» ተብሎለታል፣ ሠርግ ደግሶ መንደሩን ያጠገበ ሰው ደግሞ «ኦቨር አደረገው» ተብሎ ይወደሳል ወይም ይታማል። «ስላይትሊ» ያለ የባጃጅ ሹፌር ግን እስካሁን አልገጠመኝም። «ራዘር» የምትል ጠላ ሻጭም የለችም። እንግሊዝኛ ትልልቆቹን መጠኖች በጆንያ ሲያራግፍልን፣ ትንንሾቹ ጉምሩክ ላይ የተያዙ ይመስላል።

አልፎ አልፎ ትንሽ የምትመስል ብትገባም እዚህ ስትደርስ ትወፍራለች። ሚኒመምን ተመልከቱ። በአገሯ ከዚያ በታች የሌለ ዝቅተኛውን መጠን ነው የምትናገረው። በእኛ ገበያ ግን ትልቅ ቁጥር ሊመጣ ሲል የምትሰማ ማስጠንቀቂያ ሆናለች። የቤት ደላላ «ሚኒመም…» ብሎ ትንፋሹን ከሳበ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ከኪሳችሁ በላይ ነው። ኦልሞስትም እንዲሁ ናት። «ኦልሞስት ጨርሻለሁ» የሚል ግንበኛ ገና አሸዋ አላስመጣም። እንደ ዘመዶቿ ሳትሆን መጠኗን ጠብቃ የቀረች ዜሮ ብቻ ናት፤ ማትሪክ የወሰደ ሁሉ ይመሰክርላታል።

እኔ እንደሚመስለኝ ትንንሾቹን ያልወሰድናቸው ስለማያስፈልጉን ነው። አማርኛ ትንሽነትን ለመናገር ሌላ ቃል አይበደርም፤ ግሡን ራሱን ያለዝበዋል። በሩን «ክፍት አደረገው» ከተባለ በሩ ወለል ብሏል፤ ከብት ይገባል። «ከፈት አደረገው» ከተባለ ድመት ታልፋለች፣ ወይም ጎረቤት አንድ ዓይኗን ታሳልፋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የድምፅ ብቻ ነው፤ «በጣም» የለ፣ «በመጠኑ» የለ። እንግሊዛዊው ግን «ኦፕን» ካለ በኋላ ምን ያህል እንደከፈተው ለማስረዳት ሌላ ቃል ፍለጋ ይሄዳል። ቮልፍ ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ወፍራም የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ ውስጥ «አለ»ንና «አደረገ»ን ተከትለው የሚመጡትን እነዚህን ቅርጾች ማለዘቢያና ማጥበቂያ አድርጎ ለይቷቸዋል። የእኛ ሰው ይህን መጽሐፍ ሳያይ ከጎንደር ሳንጃ በሚወርደው አውቶቡስ ላይ ሙሉ ትምህርቱን ይወስዳል።

አውቶቡሱ ጎንደር ሲነሳ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ንፋስ ይመታናል ተብሎ ሕፃን የያዘች ሁሉ ታስዘጋለች። ትክል ድንጋይ ታልፎ ቁልቁለቱ ሲቀጥል አንዱ «እስቲ ገርበብ አድርጉት» ይላል። ጥቂት ወረድ ሲሉ «ከፈት አድርጉት» ይከተላል። ሳንጃ ሲቃረብ ከኋላ ወንበር «ኧረ ክፍት አድርጉት፣ ሰው ሞተ!» የሚል ይሰማል። ከደጋ ወደ ቆላ መውረዳችሁን የምታውቁት በግሡ ነው፤ ተራራ ቆጥራችሁ አይደለም። ረዳቱ ደግሞ የራሱ መለኪያ አለው። «ጠጋ በሉ» ካለ አንድ ሰው ሊጨምር ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ካለ ሁለት ናቸው። «ጥግት በሉ እንጂ!» ካለ ፍየልም አለች።

ጎንደር ካፌ ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ማኪያቶ የጣሊያን ስሙን ይዞ ይምጣ እንጂ፣ የወተቱ መጠን የሚታዘዘው በአማርኛ ነው። «ጠቆር ይበል» የምትል አለች፤ «ነጣ ያለ» የሚል አለ። አስተናጋጁ የሚሊ ሊትር ቁጥር ሳይጠይቅ ይሄዳል፤ የሚመጣውም የታዘዘው ነው።

ይህ «ነጣ ያለ» ወደ ሰሊጥ ያመጣኛል፤ ሳንጃ ተቀምጦ ሰሊጥ ሳያነሱ መዋል ነውር ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የእኛን አካባቢ ሰሊጥ የሚያገበያይበት የእንግሊዝኛ ስም አለው፤ «ዋይቲሽ ሁመራ ጎንደር»። ልብ በሉ፣ ዋይት አላሉትም፤ ዋይቲሽ ነው። ዶሮ የምናባርርባት የምትመስለው «ኢሽ» ናት ሥራውን የምትሠራው። የወለጋው ሰሊጥም ዋይቲሽ ተብሎ የሚጠራ ወንድም አለው። እንግሊዝኛ እንደ እኛ ቃሉን ራሱን ለማለዘብ ሲሞክር ከሚያገኛቸው ጥቂት መንገዶች አንዷ ይህች ናት፤ እሷኑ አምጥተው በእኛ ሰሊጥ ላይ ለጠፏት። ለነጋዴ ደግሞ ትልቅ መከታ ናት። «ነጭ ሰሊጥ» ብሎ የሸጠን ሰው ገዢው አንዲት ቡናማ ፍሬ በጣቱ አንስቶ ይሞግተዋል። «ነጣ ያለ» ብሎ የሸጠን ሰው በምን ይሞግተዋል? ነጣ ብሏላ!

አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ይህን ስነግረው ትከሻውን ሰብቆ «እኛ ከአያቶቻችን ጀምሮ ነጣ ያለ ነው የምንለው፣ እነሱ አሁን ደረሱበት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ እርጥበትና ስለ ባዕድ ነገር ፐርሰንት ሊያስረዳኝ ጀመረ። ባዕድ ነገር ማለት ከሰሊጡ ጋር የተቀላቀለ አፈር፣ ገለባና ጠጠር ነው፤ በፐርሰንት ተለክቶ ደረጃውን ዝቅ ያደርገዋል። እሱ «ትንሽ አፈር አለው» ያለውን ናሙና የመጋዘኑ ሰው በወንፊትና በሚዛን ሲያየው ትንሽነቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ክርክሩ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ከሽያጩ በፊት ግን ማሳው ላይ ሌላ ጉድ አለ። ሰሊጥ ሲደርስ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና መርገፍ ይጀምራል፤ ፍሬ መያዣውም ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይከፈታል። የታችኞቹ ከፈት ማለት ሲጀምሩ መታጨድ አለበት። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው አኳኋን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እንዲደርቅ። ከፈት ሲል ያልታጨደን ሰሊጥ ክፍት ሲል የሚያፍሰው መሬቱ ነው። ዓመት ሙሉ የተለፋበት ነገር ነፋስ ሲነካው ሾ ብሎ ይራገፋል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የቆላው ገበሬ እንቅልፍ የሚያጣው በእነዚያ በሁለት ግሦች መካከል ነው። ሳሉግ የሚባሉት ቆላውን የለመዱ የቀን ሠራተኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ማሳው ከፈት ሲል የእነሱ ዋጋ ደግሞ ከፍ ይላል። በአሊ ባባ ተረት ዋሻው የሚከፈተው «ሰሊጥ ሆይ ተከፈት» ሲባል ነው። አሊ ባባ የሳንጃ ሰው ቢሆን ኖሮ «ከፈት በል» ነበር የሚለው፤ እሱ ብቻ እንዲገባ።

ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ የሰሊጡ ጥበብ በር ላይ ይቀራል። እንግሊዝኛ መምህሩ «ሊትል»ንና «ኤ ሊትል»ን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ልዩነታቸውን ያስረዳል። ያቺ ቀጭን «ኤ» ከፊት ካለች ያለው ይበቃል፣ ተስፋ አለ። ከሌለች ያለው የለም ለማለት ምንም አልቀረው። «ፊው»ና «ኤ ፊው»ም ለሚቆጠር ነገር ያንኑ ይሠራሉ። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተናው ላይ ይሳሳታሉ። አንድ መምህር ወዳጄ ሰልችቶት ጀሪካን ይዞ ገባ። ጀሪካኑ ታች ላይ ውኃ አለው። «ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት እንላለን? ሊትል ወተር ወይስ ኤ ሊትል ወተር?» ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አነሳና «ቲቸር፣ ተሸካሚው ወደ ቤት እየገባ ነው ወይስ ወደ ማሳ እየሄደ?» አለ።

መምህሩ ሲያወራኝ እስካሁን ይገረማል፤ እኔን ግን አልገረመኝም። ልጁ ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ነገሩ ቀርቧል። ከሳንጃ ወደ አብደራፊ በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ጀሪካኑን ነቅነቅ አድርጎ «ትንሽ ውኃ አለ» ቢል ሁሉም ይረጋጋል። «ያለው ውኃ ትንሽ ነው» ቢል ሁሉም ዝም ይላል። ያው ውኃ፣ ያው ጀሪካን ነው። አማርኛ ቃሉን ከፊት ወደ ኋላ ወስዶ ሰውን ያስጠማል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው በመጠን ቃሎቻቸው አይስማሙም። «ኳይት ጉድ» የሚለው አሜሪካዊ ከሆነ ሥራችሁን ወዶታል፤ እንግሊዛዊ ከሆነ ግን ደህና ነው፣ ብዙ አትኩራሩ እያላችሁ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ድርጅት ሪፖርት የሚጽፍ የእኛ ልጅ አንዱ ኳይት ሲለው ይጨፍራል፣ ሌላው ኳይት ሲለው እንደገና ይጽፋል። «ኤ ቢት» ደግሞ ዘሯ ከመንከስ ነው፤ አንድ ንክሻ ማለት ነበረች። ይህቺኛዋ ታስማማናለች። የእኛም ቁንጥር ከመቆንጠር፣ ቅምሻ ከመቅመስ ነው የመጣው። ትንሽን በጣትና በጥርስ ያልለካ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

ድንበሩ ላይ ደግሞ ሌላ መጠን ይገባል። ከመተማ ማዶ ገላባት ነው፤ ሱዳኖቹ «ሹዌያ» ሲሉ ትንሽ ማለታቸው ነው፣ ገበያ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሰሊጥ የሚለኩት በቀንጣር ነው። ቀንጣርና ኩንታል የአንድ ቃል ልጆች ናቸው፤ አንዱ በአረብኛ በኩል፣ ሌላው አውሮፓ ዞሮ መጣ። ዳሩ ግን የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ሲሆን የእነሱ ቀንጣር 45 ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለት ነጋዴዎች ማዶና ማዶ ሆነው በስልክ ሲስማሙ ስሙ ይመሳሰልና አንዱ ጆሮ ውስጥ የገባው ሰሊጥ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። «ትንሽ ተሳስተናል» ተባብለው የሚታረቁበት ቀን ይመጣል፤ ያቺ ትንሽ 55 ኪሎ ናት።

ከሁሉም የእንግሊዝኛ መጠን ቃላት ቆላውን በእውነት የተዋሃደው አንድ ነው፤ ፕላስ። ያመጣልን ወባ ነው። የላቦራቶሪ ሰው ደም በማይክሮስኮፕ አይቶ የተውሳኩን ብዛት በመደመር ምልክት ይጽፋል። በመቶ የእይታ መስክ ውስጥ ከ1 እስከ 10 ካየ አንድ ፕላስ ነው፣ ከ11 እስከ 100 ካየ ሁለት። በአንዱ መስክ ብቻ ከ1 እስከ 10 ካገኘ ሦስት፣ ከዚያ ካለፈ አራት ይሆናል። ይህ ለሐኪም የተጻፈ ነው፤ ግን ታማሚው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቡና ላይ የሚሆነውን ማየት ነው። «የእኔ ትሪ ፕላስ ነው» ያለ ሰው የመኝታውንም የአጃቢውንም ወግ ያገኛል። ቱ ፕላስ የወጣለት ባል ሚስቱ ዋን ፕላስ ይዛ እንጨት ስትፈልጥ ተኝቶ ያያታል፤ በወረቀት ያስረዳል። በጣት ደም ወዲያው የሚታየው መመርመሪያ መስመር ብቻ አሳይቶ አለ ወይም የለም ሲል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። «ስንት ፕላስ ነው እሱ?» ብሎ የሚሟገት አለ።

በብዛት የሚሰጠው የወባ መድኃኒት ለአዋቂ ሰው በሦስት ቀን 24 ፍሬ ነው። በሁለተኛው ቀን ላቡ ወጥቶ ራሱ ቀለል ሲለው፣ ቀለል የምትለው ግሥ ሥራዋን ትጀምራለች። ቀለለኝ አላለም፤ ቀለል አለኝ ነው ያለው። ግን የቀሩትን ፍሬዎች ጠቅልሎ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፋቸዋል፤ ለሚቀጥለው ይሆናሉ ብሎ። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ «ጨረስከው?» ስትለው «ኦልሞስት» ይላታል።

የመጨረሻው የመጠን ነጋዴ ጥናት የሚያካሂደው ተማሪ ነው። ሬንሲስ ላይከርት የሚባል አሜሪካዊ በ1932 እ.ኤ.አ. የሰውን አመለካከት በደረጃ ከፍሎ የሚለካ ዘዴ አወጣ፤ በጣም እስማማለሁ ከሚለው እስከ በፍጹም አልስማማም። የላይከርት ሰንጠረዥ ዓለምን ዞሮ ሳንጃ ደርሷል። ደብተር በብብቱ ይዞ፣ ጥላ ፍለጋ ከቤት ቤት የሚዞር ልጅ ካያችሁ ለመመረቂያ ጽሑፉ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ተገኝቼ ሰማሁ።

«እማማ፣ ዘንድሮ ባገኙት ምርት ምን ያህል ረክተዋል? በጣም፣ በመጠኑ፣ ትንሽ ወይስ በፍጹም?»

«ተመስገን።»

«ተመስገን በጣም ነው ወይስ በመጠኑ?»

«ተመስገን እኮ ነው፣ ልጄ።»

ልጁ እርሳሱን አፉ ውስጥ አድርጎ ሰንጠረዡን ላይ ታች አየው። ተመስገን የሚል ሳጥን የለውም። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

«ስንት ኩንታል ሰሊጥ አገኙ?»

«ኧረ ምን አላት፤ ያቺው ትንሿ ነገር ናት።»

«ትንሿ» ባለች ጊዜ እኔ ቡናዬ ላይ አጎነበስኩ። አማርኛ አንድን ነገር ሊያሳንስ ሲፈልግ ሴት ያደርገዋል፤ ቤቱ ቤቷ ይሆናል፣ በሬው በሬዋ ይሆናል። በተለይ ሰው ሲያይ፣ በተለይም ወረቀት የያዘ ሰው ሲያይ። ማን ያውቃል፣ ዓይንም አለ፣ ግብርም አለ። ልጁ ይህ የሰዋስው ክፍል አላለፈበትምና «ዝቅተኛ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ። ምልክቱን ሲያደርግ የተቀመጠበት ጆንያ ሰሊጥ ነበር፤ ጀርባውን የደገፈበትም ሰሊጥ ነው፤ ደብተሩን ያስቀመጠበትም እንዲሁ።

«በል እንግዲህ ከመሄድህ በፊት እህል ቀመስ አድርግ» አለችው።

«ጊዜ የለኝም እማማ፣ እሺ ትንሽ ብቻ» አለ።

ሌማቱን ሁለት ሰው ይዞት ገባ።